ጋሽ ሙክታር እና የሐርተሼኩ ድስት

ፈርሃን የደወለልኝ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ድሬዳዋ፣ ግቢያችን ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ፈርሃን ሰላምታው የማያልቅ ሰው ነው። ስለ ልጆቼ፣ ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ሙቀቱ ጠይቆ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። የዚያን ቀን ግን ሰላም እንኳ ሳይለኝ «ቲቸር» አለ።

«ምነው ፈርሃን?»

«መዓሊን ሞቱ። ዛሬ ጠዋት ነው። ከጁምዓ በኋላ ቀበርናቸው።»

መዓሊን በሶማሊኛ አስተማሪ ማለት ነው። ጅጅጋ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ ብዙ ሰው አለ፤ እኔና ፈርሃን ግን ስም ሳንጨምር መዓሊን ካልን አንድ ሰው ማለታችን ነው። ፈርሃን የእሳቸው ተማሪ ነበር፤ የእኔም ተማሪ ነበር። ዛሬ በዚያው ትምህርት ቤት፣ በዚያው ክፍል፣ እሳቸው ያስተምሩት የነበረውን ፊዚክስ የሚያስተምረው እሱ ነው። እኔ ጋሽ ሙክታር ነበር የምላቸው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እርጥቡን ልብስ ታቅፌ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ልቀብራቸው አልደረስኩም።

ጅጅጋ የተመደብኩት በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ከኮሌጅ ከወጣሁ ዓመት ያልሞላኝ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበርኩ። በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጺማቸው በሂና የቀላ ሰው መጥተው ፊቴ ቆሙ። አንድ መርፌ ጥቁር ክር ተጠምጥሞበት ኮሌታቸው ላይ ተሰክቷል። ስሜን አልጠየቁኝም፣ የመጣሁበትንም አገር አልጠየቁኝም።

«የምታበስይበት ድስት ምን ዓይነት ነው?» አሉኝ።

ደነገጥኩ። ከሐርተሼክ የመጣ ፕሬዠር ድስት እንደገዛሁ ነገርኳቸው። ያኔ ሐርተሼክ ገበያ የማይገኝ ዕቃ አልነበረም፤ ከባሕር ማዶ የመጣው ሁሉ በድንበር አልፎ እዚያ ይራገፍ ነበር። ራዲዮው፣ ጨርቁ፣ ብርድ ልብሱ፣ ክዳኑ የሚቆለፈው ድስትም።

«ከሥራ በኋላ አየዋለሁ» አሉ።

ከኋላ የተቀመጡት መምህራን ሲስቁ ሰማሁ። ተናድጄ ነበር። አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ወጥ ቤቴን ሊፈትሽ ይመጣል። እውነትም ሳይመሽ መጡ፤ ከአከራዬ ከወይዘሮ መርየም ጋር በር ላይ ቆመው ክዳኑን አስመጡ። ፊሽካውን ነቅለው ቀዳዳውን ወደ ሰማይ አነሱና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩበት። ከዚያ መርፌውን ከኮሌታቸው አውጥተው ቀዳዳውን ጠረጉት። በመጨረሻ በክዳኑ ጎን ያለችውን ትንሽ ጎማ በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ ለረጅም ጊዜ መረመሯት።

«ይህቺ ጎማ ለምን እንደተቀመጠች ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ቀዳዳው ከተደፈነ ድስቱ የሚተነፍሰው በእሷ ነው። ተፈናጥራ ትወጣና እንፋሎቱ ያልፋል። ይህቺ ጎማ ካረጀች ምግብ አታብስዪበት። ለእኔ ንገሪኝ፤ እኔ ፈልጌ አመጣልሻለሁ።»

ተሰናብተውኝ ሄዱ። ወይዘሮ መርየም በራፉን እየዘጋች፣ «ከተማውን ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። አትቀየሚያቸው» አለችኝ።

እውነት ነበር። ተማሪዎች በስውር «መዓሊን ጎማ» ይሏቸዋል። ገበያ ውስጥ ድስት የሚሸጡ ነጋዴዎች ከሩቅ ሲያዩዋቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሠርግ ቤት ተጠርተው ሄደው ወጥ ቤት ገብተው እሳት አጥፍተዋል እየተባለ ይወራል። እኔ በዓይኔ ያየሁት የወይዘሮ ፀሐይን ነው።

ወይዘሮ ፀሐይ ከወሎ የመጣች፣ መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት ያላት ሴት ነበረች። አንድ ቀን እኔና ጋሽ ሙክታር ምሳ ልንበላ ገባን። ከጓዳ የሚመጣው ፉጨት አላማራቸውም መሰለኝ፣ ምግቡ ሳይቀርብ ተነስተው ገቡ። ተከትያቸው ገባሁ። የድስቱ የጎን ጎማ የለችም፤ ቦታዋ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ሽቦ ተወትፏል። እሳቱን አጠፉ፣ ድስቱ እስኪበርድ እጃቸውን አጣምረው ጠበቁ፣ ክዳኑን ፈቱና በኮታቸው ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ይዘው ወጡ። ወይዘሮ ፀሐይ እስከ አስፋልቱ ድረስ እየጮኸች ተከተለቻቸው። እሳቸው ግን ዞር ብለው አላዩም።

ፖሊስ ጣቢያ ተጠሩ። እኔም ምስክር ተብዬ ሄድኩ። መቶ አለቃው ሳቁን እየዋጠ፣ «መምህር፣ የሰው ድስት ወስደዋል ተብለው ተከሰዋል» አላቸው።

«ድስት አልወሰድኩም። ክዳን ነው የወሰድኩት» አሉ ረጋ ብለው። «ያለ ክዳን ትቀቅል። ይዘገያል እንጂ ሰው አይጎዳም። ጎማዋን ሳገኝ እመልስላታለሁ።»

«ካላገኙስ?»

«ሌላ ድስት እገዛላታለሁ። ክዳኑን ግን እንዲህ ሆኖ አልመልስም።»

ድምፃቸው አልተቆጣም፤ በኮታቸው የጠቀለሉትን ክዳን ግን ደረታቸው ላይ አጥብቀው እንደያዙት ነበር። መቶ አለቃው ያንን አየ መሰለኝ፣ ሳቁን ተወው። ወይዘሮ ፀሐይም አየች። ጎማዋ ከሐርተሼክ እስክትመጣ ድረስ ዘጠኝ ቀን በተራ ድስት ሠራች፤ ከዚያ በኋላ ግን ጋሽ ሙክታር ቤቷ ሲገቡ ሳይጠየቁ ክዳኑን ራሷ እያመጣች ታሳያቸው ነበር።

ክፍል ሲገቡ ግን ጋሽ ሙክታር ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር። አንድ ጊዜ ትርፍ ክፍለ ጊዜ ስለነበረኝ ፈቅደውልኝ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አዳምጫቸዋለሁ። ስለ መፍላትና ስለ ግፊት የሚያስተምሩበት ቀን ነበር። መጀመሪያ ቴርሞሜትር የሚፈላ ውሃ ውስጥ አስገብተው ለተማሪዎቹ አሳዩ። መቶ አልደረሰም።

«መጽሐፉ መቶ ይላል። እኛ ከተማ ግን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው ቀድሞ ይፈላል። ስለዚህ እናታችሁ ቦሎቄ ጥዳ ስትቆይባችሁ ሰነፍ ናት አትበሉ። ውሃው ነው ያልሞቀላት» አሉ። ክፍሉ ሳቀ።

ከዚያ ጠመኔውን አስቀመጡና ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ክዳኑ የሚቆለፈውን ድስት መጀመሪያ ስለሠራው ሰው ማውራት ጀመሩ። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የኖረ ፈረንሳዊ ነው። ሕክምና ተምሯል፤ ልቡ ግን መሣሪያ መሥራት ላይ ነበር። ሎንዶን ሄዶ ከአዋቂዎች ጋር እየሠራ ሳለ፣ ወፍራም ብረት ድስት አሠርቶ ክዳኑን በብሎን ጠፍሮ ውስጡ አጥንት ቀቀለበት።

«አጥንት ለምን?» አለች አንዲት ልጅ።

«ሥጋውን ሀብታም ይበላዋል። አጥንቱን ማን ይወስደዋል?»

«ውሻ።»

«እሱ ግን ለድሃ ሊያደርገው ነው ያሰበው። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ውሃው ከመፍያው በላይ ይሞቃል፤ ያ ደረቅ አጥንት እንደ አይብ ለስልሶ ወጣ። አዋቂዎቹን ራት ጠርቶ አበላቸው። የንጉሡ ውሾች ምግባችንን ሊቀማን ነው ብለው አቤቱታ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መጡ እየተባለም ተቀልዷል።»

ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው እስኪያበቁ ጠበቁና ቀጠሉ።

«ይህ ሰው ድስቱ ሊፈነዳ እንደሚችል ገባው። ስለዚህ ክዳኑ ላይ ቀዳዳ በስቶ፣ ቀዳዳው ላይ ጫፉ ክብደት የተንጠለጠለበት ዘንግ አስቀመጠ። ግፊቱ ሲበዛ ክብደቱን አንስቶ ይወጣል። ትልቁ ሥራው ድስቱ አይደለም። ቀዳዳዋ ናት።»

«ሀብታም ሆነ?» አለ ፈርሃን። ያኔ የፊተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ጥያቄ የማያልቅበት ልጅ ነበር።

«አልሆነም። በሃይማኖቱ ምክንያት አገሩ መግቢያ አጣ። ከአገር አገር ሲዞር ኖሮ ሎንዶን ውስጥ ደህይቶ ሞተ። መቃብሩ የት እንደሆነ አይታወቅም።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ። የሰውየው ስደት መስሎኝ ነበር ያሳዘናቸው። እሳቸውም ስደተኛ ነበሩና። በሰባዎቹ መጀመሪያ ላይ በጦርነቱ ጊዜ ከጅጅጋ ወደ ሐርጌሳ ሸሹ፤ እዚያ ተምረው፣ አስተምረው፣ አግብተው፣ ልጅ ወልደው ሳለ ሐርጌሳ በቦምብ ስትመታ ደግሞ ወደዚህ ሸሹ። ሐርተሼክ የስደተኞች ካምፕ፣ ሸራ ውስጥ ዓመታት ኖሩ። ሁለት ጊዜ የተሰደዱት በአንድ መንገድ ላይ ነው፤ አንዴ ሲሄዱ፣ አንዴ ሲመለሱ።

አንዲት ልጅ እንደነበረቻቸውና እንደሞተች አውቅ ነበር። እንዴት እንደሞተች ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሆዳን ዝምተኛ ሴት ነበሩ። ቤታቸው ስሄድ ሻይ በወተት አፍልተው ያቀርቡልኛል፣ ፈገግ ይላሉ፣ ተመልሰው ጓዳ ይገባሉ። ወይዘሮ ሆዳን ጓዳ ውስጥ ያለው ተራ ድስት ብቻ ነው።

በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ጋሽ ሙክታር ጎማ ሊገዙ ሐርተሼክ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። ገበያውን ማየት ፈልጌ ነበር። ጎማዎቹን ከገዙ በኋላ ወደ መኪናው በመመለስ ፈንታ ከከተማው ወጥተው ሜዳውን ይዘው መራመድ ጀመሩ። ሐርተሼክ ሜዳው ላይ ዛፍ የለም። ካምፑ ያኔ ብዙው ሰው ወደ አገሩ መመለስ ጀምሮ ክፍት ክፍት ብሎ ነበር። የተቃጠለ ድንጋይ፣ የተቀደደ ሸራ፣ እሾህ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል። አንድ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። ለእኔ ከሌላው ሜዳ የሚለይ ነገር አልነበረውም።

«እዚህ ነበርን» አሉ። «ውሃው ከጅጅጋ በቦቴ ነው የሚመጣው። እንጨት ለመልቀም ሴቶቹ ጨለማ ሳለ ወጥተው ከሰዓት ይመለሳሉ። የሚታደለን ደግሞ ደረቅ ቦሎቄ ነው። ቦሎቄ ለማብሰል ስንት እንጨት እንደሚፈልግ ታውቂያለሽ። ሕፃናቱ ግማሽ ጥሬ እየበሉ ሆዳቸውን ይታመሙ ነበር። እኔ ሰዓቴን ሰጥቼ ከገበያው ያንን ድስት አመጣሁ። ለስምንት ቤተሰብ ይበቃ ነበር። ኢፍራሕ ነበረች የምትጥደው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ፊሽካውን ሰምታ ጎረቤቱን ትጠራለች።»

ጎንበስ ብለው ጠጠር አነሱ፣ መልሰው ጣሉት።

«ሰዉ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ልጅቷ ቸኩላ ክዳኑን ሳይበርድ ከፈተችው አለ። እናቷ እንጨት ልትለቅም ወጥታ ነበር፣ አላየችም። እሷም እንደዚያ አመነች። እስከ ዛሬ የምታምነው እንደዚያ ነው።»

«አልከፈተችውም?»

«ሸራ ውስጥ ልጆች አስተምር ነበር። ድምፁን ሰምቼ ሮጥኩ። ክዳኑን አገኘሁት፤ መቆለፊያው እንደተቆለፈ ነው የተገነጠለው። እጇ አልነካውም።» ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዞሩ። «ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ጎማዋ ተበጥሳ ነበር። መለወጫ አልነበረም። እኔ ብሎን ፈልጌ ቀዳዳው ላይ አሰርኩበት። ለአንድ ሳምንት ብቻ ብዬ ነው። የቦሎቄ ገለባ ፊሽካውን እንደሚደፍን አውቃለሁ። ብሎኑ እንደማይወጣም አውቃለሁ። የማስተምረው እሱን ነው።»

ነፋሱ እሾህ ላይ የተንጠለጠለውን ፌስታል ያንኮሻኩሸው ነበር።

«ሰዉ ልጅቷ ናት ሲል ዝም አልኩ። በመጀመሪያው ቀን መናገር አቃተኝ። በሁለተኛው ቀን እናቷ ራሷ ስትለው ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ቀኑ በጨመረ ቁጥር የበለጠ ከበደኝ። አስቴር፣ አንቺ እናቷ ብትሆኚ ማወቅ ትፈልጊ ነበር?»

የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ያጣሁት ሰው የለኝ። «አዎ፣ እፈልግ ነበር» አልኳቸው። አላመነታሁም። ዛሬ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ እስከ መኪናው ድረስ አስብበት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ አገኘኋቸው። ሸሚዛቸው አልተተኮሰም።

«ነገርኳት» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ሻንጣዋን አወጣች።»

ወይዘሮ ሆዳን ሀርሺን ወደሚኖረው፣ ግመልና ፍየል ወደሚያረባው ወንድማቸው ሄዱ። አልተፋቱም፤ ግን አልተመለሱም። በሳምንቱ ጋሽ ሙክታር ፊት ቆሜ አለቀስኩ፤ ቤትዎን ያፈረስኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። «አንቺ የጠየቅኩሽን ነው የመለስሽው» አሉኝ። «ልጄ በእኔ ጥፋት ስሟ ጠፍቶ ነበር። አሁን ቢያንስ እናቷ ታውቃለች።» ዳግመኛ ስለዚህ ጉዳይ አላነሱብኝም።

በየዓመቱ ለዒድ ሀርሺን ይሄዱ ነበር። ከወንድምየው ጋር ተቀምጠው ያወራሉ። ወይዘሮ ሆዳን አይወጡም። አንድ ዓመት ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ አየኋቸው። «ወተት ላከችልኝ» አሉኝ። «የወንድሟ ሚስት ናት ያመጣችው፤ ግን እሷ ናት የቀዳችው። ማሰሮውን በጭስ የምታጥነው እሷ ናት፣ ሽታውን አውቀዋለሁ።» ከዚያ በላይ የተሰጣቸው ነገር አልነበረም።

እኔ ከዚያ በኋላ ብዙም ሳልቆይ ወደ ድሬዳዋ ተዛወርኩ፤ አገባሁ፣ ወለድኩ። ጋሽ ሙክታር ጡረታ ወጡ። በዓመት አንድ ሁለቴ እንደዋወላለን፤ ልጆቼን በየስማቸው ይጠይቃሉ። ወይዘሮ ሆዳንን ከጠየቅኳቸው «ደህና ናት ይላሉ» ብለው ወደ ሌላ ነገር ያልፋሉ። ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ብቻቸውን ኖሩ።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ በሐረር በኩል ጅጅጋ ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ ወንዶቹ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ቤት ውስጥ ናቸው። በጥጉ በኩል፣ ትራስ ሳይደገፉ፣ ወይዘሮ ሆዳን ተቀምጠው አየኋቸው። ጠቁረዋል፣ ከስተዋል። የተነሱት ዓርብ ጠዋት፣ መርዶው እንደደረሳቸው ነው፤ መኪና አጥተው የደረሱት ግን ከቀብሩ በኋላ ነው። እጃቸውን ስሜ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ከዚያ አልቻልኩም። «ወይዘሮ ሆዳን፣ ያኔ ይንገሯቸው ያልኳቸው እኔ ነኝ» አልኳቸው።

አዩኝ። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው፤ ቃል እየመረጡ ነው የሚናገሩት።

«አንቺ ነሽ? አላወቅኩም ነበር።» መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ከሞተች ጀምሮ ልጄን እቆጣት ነበር። እያለቀስኩ እንኳ፣ ምነው ትንሽ ብትታገሺ እላት ነበር። እሱ አጠገቤ ተኝቶ ያዳምጣል። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ያዳምጣል። ብሎኑን ይቅር እለው ነበር። ሁላችንም ርቦን ነበር። ማዳመጡን ግን ይቅር ማለት አልቻልኩም።»

«አዝናለሁ።»

«ደግ አድርገሻል። ካልነገረኝ እስከ ዛሬ እቆጣት ነበር።» አንገታቸውን ደፉ። «ወተት እልክለት ነበር። ጠጥቶት ነው የሚሄደው?»

«ማሰሮውን በሽታው እንዳወቁት ነግረውኛል።»

በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ያዙ።

ፈርሃን ከትምህርት ቤት መምህራን ጋር የገባው ያን ጊዜ ነው። ከበሩ ሆኖ ጎንበስ ብሎ፣ «ሆዮ» አላቸው። በሶማሊኛ እናቴ እንደ ማለት ነው። «እኔ የመዓሊን ተማሪ ነኝ። የኢፍራሕን እናት ለማየት ነው የመጣሁት።»

ወይዘሮ ሆዳን ቀና አሉ። «ልጄን ከየት አወቅሃት?»

«ሁላችንም እናውቃታለን።» ግራ ገብቶት ወደ እኔ አየ። «ቲቸር፣ እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው የጀመሩት። ስለ ግፊት የሚያስተምሩበት ቀን ሲደርስ ስለዚያ ፈረንሳዊ ይነግሩናል፤ ከዚያ ስለ ኢፍራሕ። ልጄ ክዳኑን አልከፈተችም፣ ቀዳዳውን የደፈንኩት እኔ ነኝ ይሉናል። ደብተራችሁ ላይ ጻፉ ብለው ያስጽፉናል፤ ስሟንም። አንድ ዓመት አልዘለሉም። ጡረታ ከወጡም በኋላ በዚያ ቀን እኔ ክፍል እየመጡ ራሳቸው ይናገሩ ነበር።»

ይህንን እኔም አላውቅም ነበር። በየዓመቱ፣ አርባ ሃምሳ ልጅ ፊት ቆመው።

ከፈርሃን ኋላ የቆመች፣ የነርስ ጋውን የለበሰች ወጣት፣ «እኔም ጽፌያለሁ» አለች። «አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር።»

እስከ አመሻሽ ድረስ ሰው ይመጣ ነበር፤ ሾፌር፣ ነጋዴ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ገና ተማሪ የሆኑም። አንዳንዶቹን ወይዘሮ ሆዳን ራሳቸው በሶማሊኛ ይጠይቋቸው ጀመር፤ ሰውየው መዓሊን እንዳስተማሩት ከተናገረ አጠገባቸው ያስቀምጡታል። በመጨረሻ ጺሙ መሸበት የጀመረ፣ አቧራ የለበሰ የጭነት መኪና ሾፌር ገብቶ ተንበርክኮ አላህ ያጽናዎት አላቸው።

«ያስተምርህ ነበር?» አሉት።

«አዎ፣ ሆዮ።»

«ያንተም ደብተር ላይ አለች?»

«አለች» አላቸው።

ቦታ ለቀቁለት።